ሰማያዊዋ ነጥብ

«ምን ይዘሃል?»

በፍሪላንስ የሚሠራ ጋዜጠኛ ሁሉ ይህችን የኤዲተር መልእክት ያውቃታል። ሁለት ቃል ናት፤ ሰኞ ጠዋት ትመጣለች። መልስ ከሌለህ በዚያ ሳምንት ሥራ የለህም። ሥራ ከሌለህ ደግሞ ወሩ ሲያልቅ አከራይህ ግቢ ውስጥ አግኝተውህ «ልጄ፣ ሥራ እንዴት ነው?» ሲሉህ ጥያቄው ስለ ሥራህ እንዳልሆነ ይገባሃል። ቅጥር ጋዜጠኛ ሐሳብ ቢነጥፍበትም ደመወዙ አይቀርም። እኛ ግን የምንሸጠው ሐሳብ ነው።

አምና ክረምት ለዚያች መልእክት መልስ ያጣሁባቸው ሦስት ተከታታይ ሳምንታት ነበሩ። ዛሬ የምጽፍላችሁ ከዚያ እንዴት እንደወጣሁ ነው። ጋዜጠኛ ያልሆናችሁም ታገሱና አንብቡት። በየቀኑ የምታነቡት ዜና ከየት እንደሚመጣ፣ ለምንስ አሥር ቻናል ከፍታችሁ አሥሩም ላይ አንድ ዓይነት ወሬ እንደምታገኙ ትንሽ ያሳያችኋል።

በእነዚያ ሦስት ሳምንታት እጄን አጣጥፌ አልተቀመጥኩም። ከላፕቶፑ ላይ አልተነሣሁም ማለት ይቀላል። ጠዋት ጎግል ትሬንድስ ከፍቼ ሰው ምን እየፈለገ እንደሆነ አያለሁ፦ ኳስ፣ የፈተና ውጤት፣ የዶላር ምንዛሪ። ከሰዓት የፌስቡኩን ጭቅጭቅ እከታተላለሁ። ማታ ደግሞ ከአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ መተግበሪያዎች አንዱን ከፍቼ «ለኢትዮጵያ አንባቢ የሚሆን አሥር የዜና ሐሳብ ስጠኝ» አልኩት። በጥቂት ሰከንድ አሥር ደረደረልኝ። የወጣቶች ሥራ አጥነት፣ የኑሮ ውድነት፣ የአየር ንብረት ለውጥና ገበሬው፣ ሴቶች በቴክኖሎጂ ዘርፍ... ስህተት የለባቸውም። ችግራቸው ማንም ሰው፣ የትም ተቀምጦ፣ በየትኛውም ዓመት ሊጽፋቸው መቻሉ ነው። አንዱን መርጬ ላክሁ። ኤዲተሬ የመለሰልኝ «ይሄንን እኮ ባለፈው ወር ሠርተነዋል» ብሎ ነው።

ትሬንድ የሚነግረን ሰው አስቀድሞ የሰማውንና የፈለገውን ነው። እኔ ደግሞ የሚከፈለኝ ሰው ያልሰማውን ለማምጣት ነው። ይህን ለመረዳት ሦስት ሳምንትና አንድ ጎረቤት አስፈለጉኝ።

ጎረቤቴ ርካሽ መኪና ይፈልጋል። ባንኮች በሐራጅ የሚሸጡት መኪና ዋጋው ይሻላል የሚባል ነገር ሰምቷል። «አንተ ጋዜጣ ላይ ነህና ማስታወቂያውን ፈልግልኝ» አለኝ። ለጋዜጣ መጻፍና ጋዜጣ ማንበብ ለእሱ አንድ ነው። እምቢ ለማለት አልመቸኝም። የጋዜጦችን የማስታወቂያ ገጾች በፒዲኤፍ፣ ጨረታ የሚሰበስቡ ድረ ገጾችንም እየከፈትኩ መፈለግ ጀመርኩ።

የሐራጅ ማስታወቂያ አይታችሁ ታውቁ ይሆናል። ደቃቅ ፊደል፣ ብዙ ዓምድ ያለው ሠንጠረዥ፦ የተበዳሪው ስም፣ የንብረት አስያዡ ስም፣ ንብረቱ ያለበት ከተማና ቀበሌ፣ የካርታ ቁጥር፣ የቦታ ስፋት፣ የሐራጅ መነሻ ዋጋ፣ ሐራጁ የሚካሄድበት ቀንና ሰዓት። ባንኮች ይህን የሚያወጡት በ1990 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 97/1990 መሠረት ነው። አዋጁ በውል እስከተስማሙ ድረስ ባንኩ ፍርድ ቤት ሳይሄድ፣ ለተበዳሪው የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ መያዣውን እንዲሸጥ ይፈቅድለታል። እንግዲህ የአንድ ቤተሰብ የአሥርና የሃያ ዓመት ልፋት በአንዲት መስመር ተጠቃሎ የምታገኙት እዚያ ሠንጠረዥ ውስጥ ነው። ስፖርት ገጹን ስንፈልግ የምናልፈው ገጽ ነው።

መኪና እየፈለግሁ ዓይኔ አንድ ነገር ላይ ተደናቀፈ። ከአዲስ አበባ የጥቂት ሰዓት መንገድ ያላት አንዲት አነስተኛ ከተማ ስሟ ደጋገመብኝ። «ግንባታው ያልተጠናቀቀ ባለ አራት ፎቅ ሆቴል» ይላል። ሁለት ወር ወደኋላ ስሄድ ሌላ ያልተጠናቀቀ ሆቴል። ሌላ ባንክ፣ ሌላ ተበዳሪ፣ ያቺው ከተማ። በአምስት ወር ማስታወቂያ ውስጥ ሦስት ሆኑ። የከተማዋን ስም የማልጠራው በኋላ በምነግራችሁ ምክንያት ነው። እኔ ግን አውቃታለሁ፤ ሁለት ጊዜ አድሬባታለሁ። አንድ ዋና መንገድ፣ አንድ መናኸሪያ፣ ሐሙስ የሚቆም ገበያ። ለነበሯት አልጋዎች እንኳ እንግዳ አይሞላትም።

ታዲያ ሦስት ባለሀብት፣ ከሦስት ባንክ ተበድሮ፣ እዚያች ከተማ ውስጥ ለማን ነበር ሆቴል የሚሠራው?

ይህ ጥያቄ የመጣው ከሁለት ነገር ነው። አንደኛው ሠንጠረዡ ነው። ሁለተኛው ከተማዋን በእግሬ ማወቄ ነው። ሁለቱ አልገጠሙም። ሐሳብ ማለት ይኸው ነው፤ መዝገቡ ሌላ፣ መሬቱ ሌላ ሲናገሩ መሀል ላይ የሚቀረው ጥያቄ።

ጥያቄው ከተገኘ በኋላ መሣሪያዎቹ ወርቅ ናቸው። ከዚያ በፊት ግን ጊዜ ይበላሉ።

መጀመሪያ ማስታወቂያዎቹን ሁሉ በኤክሴል መዘገብኩ። በአማርኛ መፈለግ የራሱ ጣጣ አለው። «ሐራጅ» በአንዱ ማስታወቂያ በሐመሩ «ሐ»፣ በሌላው በሃሌታው «ሀ» ይጻፋል። አንዱን ስጽፍ ያልመጣው ሌላውን ስጽፍ ይመጣል። «ሠ» እና «ሰ»፣ «ጸ» እና «ፀ»፣ «አ» እና «ዐ» እንዲሁ ናቸው። ስለዚህ አንድን ቃል በሚጻፍበት መልክ ሁሉ እያፈራረቁ መፈለግ ነው። ሐረጉን በትእምርተ ጥቅስ ውስጥ ካስገባችሁት ፍለጋው ይጠብባችኋል። ስካን ተደርገው የተጫኑ ገጾች ግን በፍለጋ አይገኙም ማለት ይቻላል፤ ከዩኒኮድ በፊት በነበሩ የግዕዝ ፎንቶች የተጻፉ ሰነዶችም ለእኛ ዓይን አማርኛ ይሁኑ እንጂ ለመፈለጊያው የተዘበራረቀ ምልክት ናቸው። እነሱን በዓይን አንድ በአንድ ማንበብ ነው። ከአገራችን ሰነድ ብዙው እንዲህ ያለ ስለሆነ፣ «ጎግል ላይ የለም» ማለት «የለም» ማለት አይደለም።

ቀጥሎ ጎግል ኧርዝን ከፈትኩ። በኮምፒውተር ላይ የሚጫነው፣ በነፃ የሚገኘው ቅጂ የቆዩ የሳተላይት ምስሎችን በየዓመቱ ወደኋላ እየመለሰ ያሳያል። በማስታወቂያው አድራሻ ተመርቼ ባለ አራት ፎቁን አገኘሁት። የምስሎቹን ቀን ወደ እኛ አቆጣጠር ስመልሰው በ2008 ባዶ ቦታ ነው። በ2010 መሠረቱ ወጥቷል። በ2012 ጣሪያ የሌለው አጽም ቆሟል። ከዚያ በኋላ ባሉት ምስሎች ሁሉ ሕንፃው ያው ነው፤ አንድ ድንጋይ አልተጨመረበትም።

በ2014 ምስል ላይ ግን ላይኛው ፎቅ ጥግ ላይ ሰማያዊ ነጥብ አየሁ። በፊት አልነበረችም። በሚቀጥለው ምስልም እዚያው ናት። ሸራ ትሆናለች ብዬ ገመትኩ። ሥራ በቆመበት ሕንፃ ላይ ሸራ ማን ይወጥራል?

ላፕቶፑ ከዚህ በላይ የሚለኝ አልነበረውም። በማግስቱ መናኸሪያ ሄድኩ።

ጉዞውን ከመንገሬ በፊት አንድ ነገር ልበል። ይህ አካሄድ የእኔ ግኝት አይደለም። በ2018 እ.ኤ.አ. የካሜሩን ወታደሮች ሁለት ሴቶችንና ሁለት ሕፃናትን ሲገድሉ የሚያሳይ ቪዲዮ ተሠራጨ። መንግሥት ሐሰተኛ ዜና ነው አለ። የቢቢሲ አፍሪካ አይ ጋዜጠኞች ከቪዲዮው ጀርባ የሚታየውን የተራራ መስመር ከሳተላይት ምስል ጋር አመሳክረው ቦታው በሰሜን ካሜሩን ዜሌቬት የምትባል ከተማ አጠገብ መሆኑን፣ የሕንፃዎቹንና የጥላዎቹን ሁኔታ አጥንተው ግድያው በ2015 እ.ኤ.አ. መፈጸሙን አሳዩ። በ2020 እ.ኤ.አ. ፍርድ ቤት አራት ወታደሮችን በ10 ዓመት እስራት ቀጣ። ብዙ ሰው ታሪኩን ሲያወራ የሚያደንቀው ሳተላይቱን ነው። ጋዜጠኞቹ ግን ተራራውን ሲፈልጉ ቆይተው ያገኙት «ዜሌቬት አካባቢ ሞክሩ» ብሎ የጠቆማቸው ካሜሩናዊ ስለነበረ ነው።

ሮይተርስም በ2019 እ.ኤ.አ. እንዲሁ አደረገ። የተባበሩት መንግሥታት ኮምትሬድ የሚባል የንግድ መረጃ ቋት አለው፤ አገራት የላኩትንና ያስገቡትን የሚመዘግብበት። ጋዜጠኞቹ የተባበሩት አረብ ኤምሬትስ በ2016 እ.ኤ.አ. ከአፍሪካ 15.1 ቢሊዮን ዶላር የሚያወጣ ወርቅ አስገብቻለሁ ብላ መመዝገቧን አዩ። ወደ አፍሪካ አገራት መዝገብ ሲዞሩ የዚያ ወርቅ አብዛኛው ወደ ውጭ እንደተላከ አልተጻፈም። ሁለቱም መዝገብ ለማንም ክፍት ነበር። ዜናው የነበረው በሁለቱ መሀል ባለው ክፍተት ውስጥ ነው።

ወደ ከተማዬ ልመለስ።

ሕንፃው ጋ ስደርስ የቆርቆሮ አጥሩን በር የከፈቱልኝ ዕድሜያቸው ወደ ስድሳ የሚጠጋ ሰው ናቸው። ሰላምታዬን ሳይጨርሱ «ከባለቤቱ ተልከህ ነው?» አሉኝ። አይደለም አልኳቸው። ፊታቸው ላይ የነበረው ነገር ወዲያው ጠፋ። ዘበኛው ናቸው። ጋሼ እያልኩ ልጥራቸው።

ሰማያዊዋ ነጥብ ቤታቸው ነበረች። ደረጃው የሚያልቅበት ላይኛው ፎቅ ላይ ብሎክ ደርድረው፣ ከላይ ሸራ ወጥረው፣ ከባለቤታቸውና ከልጅ ልጃቸው ጋር ይኖራሉ። ለምን ታች እንደማይኖሩ ስጠይቃቸው «ታች ውኃ ይተኛበታል። ላይ ደግሞ ሌባ ሲመጣ ከሩቅ ይታየኛል» አሉኝ። የወር ደመወዛቸው 2,500 ብር ነው። ከተከፈላቸው 14 ወር ሆኗል።

«ታዲያ ለምን አይሄዱም?»

«ከሄድኩማ ላቤ ቀረ። ባለቤቱ ደግ ሰው ነው፤ ታገሱኝ ብሎኛል።»

ቡና ተፈልቶ ሦስተኛው እስኪደርስ የሆቴሎቹን ነገር ነገሩኝ። ከከተማው ዳር ትልቅ ፋብሪካ ይመጣል ተብሎ ነበር። መሬት ተለካ፣ ድግስ ተደገሰ። መሐንዲሱ የት ያድራል፣ ነጋዴው የት ይበላል ተባለና ገንዘብ ያለው ሁሉ ተበድሮ ቆፈረ። ፋብሪካው ሳይመጣ ቀረ። ከዚያ ኮሮና፣ ከዚያ ጦርነት፣ የሲሚንቶውና የብረቱ ዋጋም ተከተለ። ማታ አልጋ ይዤ ዜናውን ፈለግሁ። ወጥቶበት ከነበረው ድረ ገጽ ላይ ተነሥቷል። ዌይባክ ማሽን ላይ ግን ገጹ እንዳለ ተቀምጧል፤ ይህ የኢንተርኔት ማኅደር ከ1996 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ድረ ገጾችን ቀድቶ ያኖራል። ያለ ጋሼ ወሬ ግን ምን ብዬ እፈልገው ነበር?

አሁን ወደሚከብደኝ ነገር ደረስን።

ጋሼ ሕንፃው ለሐራጅ መውጣቱን አያውቁም ነበር። «በቀደም ሜትር የያዙ ሰዎች መጥተው ለክተው ሄዱ። ሥራው ሊቀጥል ነው ብዬ ደስ አለኝ» አሉኝ። እኔ በስልኬ ውስጥ ማስታወቂያውን በፎቶ ይዣለሁ። መነሻ ዋጋውን፣ ቀኑን፣ ሰዓቱን አውቃለሁ። መላው አገር ሊያነበው የሚችለውን ነገር የማያውቁት እዚያ ሕንፃ ላይ የሚያድሩት ሰው ብቻ ናቸው።

በትምህርት ቤት ጋዜጠኛ የታሪኩ አካል አይሁን ተብለን ተምረናል። እውነት ነው፤ ደንቡን አከብረዋለሁ። ያን ሌሊት ግን እንቅልፍ አልወሰደኝም። ተነሥቼ ለዚያው መተግበሪያ «በኢትዮጵያ ሕግ ያልተከፈለ ደመወዝ እስከ መቼ መጠየቅ ይቻላል?» ብዬ ጻፍኩለት። ያለ አንዳች ማመንታት ሁለት ዓመት አለኝ፤ የአዋጅ ቁጥርም ጠቀሰልኝ። ደስ አለኝ። 14 ወር ነው፤ ጊዜ አላቸው ማለት ነው።

ከልማድ የተነሣ ዋናውን ነጋሪት ጋዜጣ አወረድኩ። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011። ስለ ይርጋ የሚናገረውን ክፍል አነበብኩ። የደመወዝ ጥያቄ መከፈል ከነበረበት ቀን ጀምሮ በስድስት ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል ይላል።

ስድስት ወር። ሁለት ዓመት አይደለም። ስለዚህ ከ14ቱ ወር ስምንቱ፣ ማለትም 20,000 ብር፣ አደጋ ላይ ነው። ጋሼ ላባቸው እንዳይቀር ብለው በታገሱ ቁጥር በየወሩ የአንድ ወር ላባቸው እየቀረ ነበር። ይኸው አዋጅ ደግሞ የሠራተኛ ክፍያ ከሌሎች ዕዳዎች ቅድሚያ እንዳለው ይናገራል። ቅድሚያ ያለው ግን ለጠየቀ ሰው ነው።

የመተግበሪያውን መልስ አምኜ ጠዋት «አይዞዎት፣ ገና ጊዜ አለዎት» ብያቸው ብሄድስ ኖሮ? አሁንም ሳስበው ሆዴን ያመኛል። ማሽኑ የዋሸኝ ሊጎዳኝ ብሎ አይደለም፤ አለማወቁን አያውቅም። እኔ ግን አለማጣራቴን አውቀው ነበር።

ጠዋት ተመልሼ ነገርኳቸው። ማስታወቂያውን አነበብኩላቸው፣ ስለ ስድስት ወሩም ነገርኳቸው። ብዙ ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያ «እንግዲያው ደጉ ሰውዬ ሲያስታግሰኝ...» ብለው ሳይጨርሱ ተዉት። ሕግ ያጠና ጓደኛዬ ጋ ደወልኩ። ባለቤቱ ዕዳውን ያመነበት ጽሑፍ ካለ ይርጋውን ሊያቋርጥ እንደሚችል ነገረኝና «ምንም ወረቀት የላቸውም?» አለኝ። ጋሼ ወረቀት የላቸውም። አሮጌ ኖኪያቸውን ግን አወጡ። በየጥቂት ወሩ የመጣ አጭር የጽሑፍ መልእክት አለ፦ ደመወዝህን አልከለክልህም፣ ታገስ። አንዱንም አላጠፉም ነበር። ማስረጃ ይሆናል ብለው አይደለም፤ ማጥፋት ስለማይችሉ ነው።

ዘገባውን ጻፍኩት። ለኤዲተሬ የነገርኳቸውን ነገር አልደበቅሁትም፤ ጽሑፉም ውስጥ ለአንባቢ ገልጬዋለሁ። የተበዳሪዎቹን ስም ግን አላወጣሁም። በማስታወቂያው ላይ ለሕዝብ የወጣ ስም ነው፤ ማውጣት እችል ነበር። ነገር ግን ሠንጠረዥ ውስጥ ያለ ስምና ዜና ውስጥ ያለ ስም አንድ አይደሉም። ሠንጠረዡ ከሐራጁ ጋር ይረሳል፤ ዜናው ግን የሰውየው ልጅ ወደፊት የአባቷን ስም ጎግል ላይ ስትጽፍ መጀመሪያ የሚመጣው ይሆናል። እዚህም ከተማዋን ያልጠራሁት ለዚህ ነው። የምታገኘው ሁሉ የምታወጣው አይደለም።

ወጣት ጋዜጠኞች በውስጥ መስመር «ሐሳብ ከየት ነው የምታገኘው? የትኛውን መሣሪያ ነው የምትጠቀመው?» ይሉኛል። መሣሪያዎቹን እነግራቸዋለሁ፤ ከላይ ለእናንተም ነግሬያችኋለሁ፤ ሁሉም በነፃ የሚገኙ ናቸው። ግን አስቀድሜ የምጠይቃቸው አለ። ሰፈርህ ውስጥ የቆመ ሕንፃ አለ? መቼ ቆመ? ማን ውስጡ ያድራል? ቀበሌው ሰሌዳ ላይ የተለጠፈውን ማስታወቂያ ለመጨረሻ ጊዜ ያነበብከው መቼ ነው? ይህን የማያውቅ ሰው ሳተላይት ቢሰጠው የሚያየው ጣሪያ ብቻ ነው።

በነገራችን ላይ ለጎረቤቴ መኪና አላገኘሁለትም። እስካሁን «ጋዜጠኛ ነኝ ይላል» እያለ ያማኛል።

ሐራጁ በመጀመሪያው ቀን ገዢ አጥቶ በድጋሚ ወጥቷል። ከወር በኋላ ጋሼ ደወሉልኝ። ክስ አቅርበዋል። ምን እንደሚወሰን እሳቸውም እኔም አናውቅም። ድምፃቸው ግን ሌላ ነበር።

«ልጄ፣ የመዝገብ ቁጥር ሰጡኝ። ላንብብልህ፣ ጻፈው» አሉኝ።

ጻፍኩት። ኤክሴሉ ላይ፣ ከሕንፃው መነሻ ዋጋ ጎን።

እናንተም በአካባቢያችሁ መዝገቡና መሬቱ ያልተስማሙበት ነገር ካያችሁ ጻፉልኝ። ሰኞ እየደረሰ ነው።

መልካም ሳምንት።